ባዶው ቀዳዳ እንዲናገር፦ ፑንታ፣ ዲስክና ትንንሽ ዕቃዎችን በሣጥን ስለማደራጀት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ሐዋሳ ውስጥ የቁም ሣጥንና የኩሽና ካቢኔት የሚሠራና የሚገጥም ወጣት ባለሙያ ነው፤ በራሱ መሥራት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አንድ ድሪል፣ አንድ የኮንክሪት መብሻ፣ አንድ ትንሽ ግራይንደርና አንድ ጂግሶ፣ ማለትም ቀጭን ምላጭ ያለው የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ አለው። ፑንታው (ድሪሉ ላይ የሚገባው መብሻ ብረት)፣ የካቻቪቴ ጫፉ፣ ዲስኩና የጂግሶ ምላጩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአንድ ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ነበሩ። ባለ ብዙ ክፍል የፕላስቲክ ሣጥን ቢገዛም በባጃጅ ሥራ ቦታ ደርሶ ሲከፍተው ሁሉም ተደባልቆ ያገኘዋል። ዘንድሮ ክረምት ላይ ደግሞ ዝገት ታከለበት። «ጋሼ፣ አንድ ትልቅ ሣጥን ልግዛ ወይስ ብዙ ትንንሽ? እንዴትስ ልደርድረው? የዛጉትንስ ልጣላቸው?» ብሎ ጠይቋል።

ወንድሜ፣ ባልዲውን መተውህ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን በደንብ እንድታውቀው እፈልጋለሁ። የኮንክሪት ፑንታ ጫፍ ላይ የተጣበቀችው ትንሽ ቁራጭ ተንግስተን ካርባይድ ናት። እጅግ ጠንካራ ናት፤ ድንጋይ የምትበሳውም ለዚህ ነው። ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ናት። ከሌላ ብረት ጋር በተጋጨች ቁጥር ከጠርዟ በዓይን የማይታይ ስባሪ ይነሣል። ከቤትህ እስከ ሥራ ቦታህ ያለውን የኮብልስቶን መንገድ አስበው፤ ባጃጁ በነጠረ ቁጥር ባልዲው ውስጥ ያሉት ብረቶች ሁሉ እርስ በርስ ይመታታሉ። እንዲህ ያለ ፑንታ አንድም ግድግዳ ሳይነካ በመንገድ ላይ ብቻ ይደንዛል። የእንጨት ፑንታ መሐል ላይ ያለችው ሹል ጫፍም ዕጣዋ ያው ነው። ስለዚህ ፑንታ ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር ሳይነካካ ለብቻው መቆም አለበት፤ በክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ሆኖ የተኛ ፑንታ ገና ከባልዲው አልወጣም።

እኔ ለረጅም ዓመታት የመሣሪያ ክፍል ጠብቄያለሁ፤ ከዚያ በፊትም እንዳንተ ከቤት ቤት እየዞርኩ ካቢኔት እገጥም ነበር። ከዚያ ሁሉ ጊዜ የቀረልኝ እምነት አንድ ነው። ሣጥን ዕቃ መያዙ ትንሹ ሥራው ነው፤ ትልቁ ሥራው የጎደለውን ነገር በአንድ እይታ መናገሩ ነው። ሃያ አምስት ፑንታ በሃያ አምስት ቀዳዳ ተሰክቶ አንዱ ቀዳዳ ባዶ ሲሆን ማንም ሰው ያየዋል። ሃያ አምስት ፑንታ በቆርቆሮ ውስጥ ሲሆን ግን ሃያ አራት መሆኑን የምታውቀው የጎደለው ባስፈለገህ ሰዓት ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። አቶቴ አካባቢ አንድ ቤት የላይኛውን የኩሽና ካቢኔት ልንሰቅል ሄድን። ፊሸራችን፣ ማለትም ብሎኑን እንዲይዝ ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ፣ ባለ 8 ሚሊሜትር ነበር፤ ባለ 8 የኮንክሪት ፑንታችን ግን ከቆርቆሮው ውስጥ ጠፋ። ለካ ከአንድ ቀን በፊት ሌላ ሥራ ቦታ መስኮት ደፍ ላይ ትተነዋል። ሰዓቱ መሽቶ ነበር፣ ባለቤቷም ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ ስለዚህ ባለ 10 ፑንታ ተጠቅመን የሰፋውን ቀዳዳ በእንጨት ስንጥር አጠበብነው። ያን ዕለት ጥብቅ ይመስል ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካቢኔቱ ሳህን እንደ ተሞላ በአንድ ጎኑ ወረደ። ሰው ሥር አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳህኖቹን ከፈልን፤ ካቢኔቱንም እንደገና ሠራን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትኛውም ሥራ ቦታ ሳጥኔን ከፍቼ ባዶ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ሳላይ ወጥቼ አላውቅም።

አሁን ወደ አደራደሩ እንሂድ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለየው በመጠን ነው፤ ትንሹን ከትንሹ፣ ትልቁን ከትልቁ። እኔ የምመክርህ በመጀመሪያ በጭራው እንድትለይ ነው፤ ማለትም መሣሪያው የሚይዘው ጫፍ ምን ዓይነት እንደሆነ አይተህ። ለኮንክሪት መብሻህ የሚሆነው ኤስዲኤስ ፕላስ የሚባለው ፑንታ ጭራው 10 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ዙሪያውንም የተቦረቦሩ መስመሮች አሉት። በትልልቆቹ መብሻዎች ላይ የሚገባው ኤስዲኤስ ማክስ 18 ሚሊሜትር ነው፤ በአንተ መሣሪያ ላይ ፈጽሞ አይገባም። ለስላሳ ክብ ጭራ ያለው ለድሪልህ ነው። ባለ ስድስት ማዕዘኑና 6.35 ሚሊሜትር የሆነው፣ ማለትም ሩብ ኢንቹ፣ የካቻቪቴ ጫፍ ቤተሰብ ነው። የጂግሶ ምላጭም ጭራው የቲ ቅርጽ ያለውና የዩ ቅርጽ ያለው ተብሎ ይለያል። መሰላል ላይ ቆመህ እጅህን ወደ ሣጥኑ ስትሰድ የምትይዘው መሣሪያ ይታወቃል፤ ስለዚህ ለዚያ መሣሪያ የማይገባ ነገር በዚያ ሣጥን ውስጥ መኖር የለበትም።

ኤስዲኤሱን ለብቻው የምናስቀምጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ጭራው መሣሪያው ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚንሸራተት ሁልጊዜ ትንሽ ግሪስ ይቀባል። ግሪስ ደግሞ የሲሚንቶ አቧራ ይሰበስባል። ያን ጭቃ መሰል ነገር ከእንጨት ፑንታህ ጋር አንድ ላይ ካስቀመጥኸው ነጭ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) ላይ ጥቁር ጣትህን ታትማለህ፤ ደንበኛው የሚያየውም እሱን ነው። ኤስዲኤሱን ወደ ሣጥኑ ከመመለስህ በፊት በጨርቅ ጥረገው፤ ግሪሱን ደግሞ ልትሠራበት ስትል ቀባው።

የግድግዳ ሥራ ሣጥንህን እንዴት እንደምትደረድረው በዝርዝር ልንገርህ፤ ከሁሉ የምታተርፍበት እዚህ ነውና። ፑንታውን፣ ፊሸሩንና ብሎኑን በየዓይነታቸው አትከፋፍላቸው። አብረው የሚሠሩትን በአንድ መደዳ አስቀምጣቸው። የመጀመሪያው መደዳ ባለ 6 ፑንታ፣ ቀጥሎ ባለ 6 ፊሸር፣ ቀጥሎ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ይሁን። ሁለተኛው ባለ 8 ፑንታ፣ ባለ 8 ፊሸር፣ ከ4.5 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን። ሦስተኛው ባለ 10 ፑንታ፣ ባለ 10 ፊሸር፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ብሎን። የተለመደው ናይለን ፊሸር ርዝመቱ ባለ 6ቱ 30፣ ባለ 8ቱ 40፣ ባለ 10ሩ 50 ሚሊሜትር ነው፤ ቀዳዳው ከዚህ ጥቂት መጥለቅ ስላለበት በፑንታው ላይ የጥልቀቱን ልክ በቀለም ፕላስተር ጠቅልለህ ምልክት አድርግ። እንዲህ ስታደርግ ረዳትህ ፊደል የቆጠረም ይሁን ያልቆጠረ አይሳሳትም፤ መደዳውን ተከትሎ ሦስቱን ያነሣል። ከመደዳው አንዱ ካለቀም የቀሩት ሁለቱ ጎድሎሃል እያሉ ያሳዩሃል። ያን ዕለት አቶቴ እንዲህ ያለ ሣጥን ቢኖረን ኖሮ ጠዋት ከቤት ስንወጣ ባለ 8 መደዳው ይነግረን ነበር።

ለብረትና ለእንጨት የሚሆነው የድሪል ፑንታ ሌላ ነው፤ እዚህ በመጠን ቅደም ተከተል መደርደር ይበጃል። ከ1 እስከ 10 ሚሊሜትር በግማሽ ሚሊሜትር እያደገ የሚሄደው ስብስብ 19 ፍሬ፣ እስከ 13 የሚደርሰው ደግሞ 25 ፍሬ ነው። ጭራው ላይ የታተመው ቁጥር በአገልግሎት ብዛት ይጠፋል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከቀዳዳው ሥር በማርከር ጻፈው፣ በላዩም ግልጽ ፕላስተር ለጥፍበት። ልኩ የጠፋብህን በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ስትለካ ጫፉ አካባቢ፣ የሚቆርጡት ሁለት ጠርዞች በሚሰፉበት ቦታ ለካው። ጭራው በአንዳንዱ ፑንታ ሆን ተብሎ እንዲቀጥን ይደረጋል፤ በእሱ ከለካህ ትሳሳታለህ።

ለዚህ ስብስብ ሣጥን መግዛት አያስፈልግህም። አንተ አናጢ ነህ፤ ከወርክሾፕህ የተረፈ ጠንካራ ጣውላ ውሰድና ለእያንዳንዱ ፑንታ ከልኩ ግማሽ ሚሊሜትር በሰፋ ፑንታ ቀዳዳ ብሳለት። ሰጋቱራውን ከቀዳዳዎቹ ነፍተህ አውጣ፤ ከላይ በላስቲክ ወይም በመክደኛ ያዘው። እኔ እስከ ዛሬ የምጠቀምበት ከዋንዛ ቁራጭ የሠራሁት ነው።

የካቻቪቴ ጫፎች በጣም ትንሽ ቢሆኑም ብዙ ሥራ የሚያበላሹት እነሱ ናቸው። ሁለቱ መስቀለኛ ጫፎች፣ ፒኤች 2 እና ፒዜድ 2፣ ሲያዩዋቸው መንትያ ይመስላሉ። ብርሃን ላይ አድርገህ ጫፉን ፊት ለፊት ተመልከት። ፒኤች አራት ክንፍ ብቻ አለው። ፒዜድ ግን በአራቱ ክንፎች መካከል አራት ቀጫጭን ተጨማሪ መስመሮች አሉት፤ የብሎኑ ራስ ላይም በመስቀሉ መካከል ያንኑ የሚመስሉ ስስ ጭረቶች ታያለህ። አንዱን በሌላው ብሎን ላይ ከተጠቀምህ ጫፉ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ብሎኑ አይጠብቅም፣ አይወጣምም። ስለዚህ ፒዜዶቹን በሙሉ ወገባቸው ላይ በምስማር ቀለም ቀይ ምልክት አድርግባቸውና በተለየ መደዳ ሰካቸው። ክንፋቸው የተሸረፈውንና ጠርዛቸው ክብ የሆነውን ደግሞ ያኔውኑ ጣል። ደንዝዞ የተረፈ ጫፍ ወደ ሣጥን ከተመለሰ ነገ ጥሩ መስሎህ ታነሣዋለህ።

ትልቅ ሣጥን ወይስ ትንንሽ ላልኸው መልሴ ትንንሽ ነው። በአንድ እጅ የማይነሣና ጉልበት ላይ የማይከፈት ሣጥን ለአንተ ሥራ አይሆንም። መቶ ፍሬ በአንድ ላይ ተብሎ የሚሸጠውንም አትግዛ። ከውስጡ ዘወትር የምትጠቀምበት አሥር አሥራ ሁለቱን ነው፤ የቀረው ክብደት ነው። ሦስት ሣጥን ይበቃሃል፤ የግድግዳ፣ የእንጨትና የብረት፣ እንዲሁም ኪስህ የሚገባ የካቻቪቴ ጫፍ። ዲስክ ከእነዚህ ውጭ ነው፤ ስለ እሱ ወዲያው እመለሳለሁ።

የገዛኸው ሣጥን ለምን እንደሚደባልቅ ልገምት። ክፍልፋዮቹ እስከ ክዳኑ አይደርሱም። ሣጥኑ ተጋድሞ ሳለ ሁሉም በቦታው ነው፤ ባጃጅ ላይ በጎኑ ስታቆመው ግን በክፍልፋዩና በክዳኑ መካከል ባለው ክፍተት ትንንሹ ዕቃ ይሾልካል። ሱቅ ውስጥ ከመግዛትህ በፊት ሻጩን አስፈቅደህ ይህን አድርግ። ትንሿን ብሎን አንዱ ጥግ ላይ፣ ሮንዴላ ደግሞ ሌላው ጥግ ላይ አስቀምጥ። ክዳኑን ዝጋ፤ ሣጥኑን በጎኑ አቁመው፤ ገልብጠህም ነቅንቀው። ስትከፍተው አንዷ ከቦታዋ ከተንቀሳቀሰች መልሰህ ስጠው። ማጠፊያውንም ተመልከት፤ በብረት ዘንግ የተያያዘው ከክዳኑ ጋር አብሮ ከተቀረጸው ስስ ፕላስቲክ በብዙ ይበልጣል። ክዳኑ ግልጽ ቢሆን ይመረጣል፤ ሳትከፍት ትቆጥራለህ። ቀድመህ የገዛኸውንም አትጣለው፤ ክዳኑን ከውስጥ በስስ ስፖንጅ ሸፍነው፤ ሲዘጋ ስፖንጁ የክፍልፋዮቹን ጫፍ ይጫናል፣ ክፍተቱም ይደፈናል። ስፖንጁ ግን እርጥበት እንደሚይዝ አትርሳ፤ ከረጠበ አውጥተህ ፀሐይ ላይ አድርቀው።

ዲስክን በተመለከተ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና። የመቁረጫ ዲስክ በሙጫ መሰል ማጣበቂያ የተያያዘ የመፍጫ ቅንጣት ነው። ማጣበቂያው እርጥበት ይስባል፤ ሲያረጅም ይዳከማል። ለዚህ ነው በመሐሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የመጠቀሚያው ጊዜ ማብቂያ ወርና ዓመት የሚታተመው፤ እንደ አውሮፓ መመዘኛ ከተመረተበት ቀን አንሥቶ ሦስት ዓመት ነው። ስትገዛ አንብበው፤ ያለፈበትን በርካሽ ቢሰጡህም አትውሰድ። ዲስክ የሚቀመጠው ለጥ ባለ ቦታ ላይ ተጋድሞ፣ በደረቅ ሣጥን ውስጥ ነው። ቀጭኑ ባለ 1 ሚሊሜትር ዲስክ በምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ከከረመ ይጎብጣል። የጎበጠ፣ የወደቀ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ወይም የረጠበ ዲስክ ተሰብሮ ይጣል፤ እንዲሁ ሳትሰብረው ከጣልኸው ሌላ ሰው አንሥቶ ይጠቀምበታል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ባለ 115 ሚሊሜትሩም ባለ 230ውም ዲስክ የመሐል ቀዳዳቸው አንድ ነው፤ 22.23 ሚሊሜትር። ስለዚህ ትልቁ ዲስክ መከላከያው ከወለቀ በትንሹ ግራይንደር ላይ ይታሰራል። የአንተ ትንሽ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ባለ 230 ዲስክ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ግን 6,600 አካባቢ ነው። በትንሹ ግራይንደር ዙር ትልቁ ዲስክ ጠርዙ በሰከንድ ከ130 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ የተሠራው ደግሞ ለ80 ሜትር ነው። ሲበታተን ፊት ለፊቱ ላለው ሰው ጊዜ አይሰጥም። መከላከያ አውልቀው እንዲህ የሚያስሩ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም ምክንያታቸው «ሌላ ዲስክ አላገኘሁም» ነው። ትንሹ ግራይንደር ባለበት ሣጥን ትልቅ ዲስክ ካልኖረ ይህ ስህተት የሚፈጸምበት ዕድል ይጠፋል። ባለ 230 ዲስክ ለሌላ ሰው ብትይዝ እንኳን ቤትህ በሌላ ክፍል አስቀምጠው። ዲስክ ዘይትም ስለማይወድ ዘይት ከነካው ፑንታ ጋር አታሳድረው።

ወደ ዝገቱ እንምጣ። ከተማችን በሐይቅ ዳር የተቀመጠች ናት፤ በክረምት አየሩ እርጥብ ነው፣ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቀን ሞቆ የተዘጋ ሣጥን ሌሊት ሲበርድ ውስጡ ያለው አየር እርጥበቱን ብረቱ ላይ ያወርዳል። በዚህ ላይ አንተ ጂፕሰም ትበሳለህ። የጂፕሰም ብናኝ እርጥበት ይይዛል፤ ብረትንም ይበላል። ስለዚህ ብናኝ የለበሰ ፑንታ ጠርገህ ካልሆነ በቀር ወደ ሣጥን አትመልስ። የቀለም ብሩሽ ያዝ፤ ጥረግ፤ ከዚያ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት የነካ ጨርቅ አሳልፍበት። አንድ ጠብታ ለአሥር ፑንታ ይበቃል፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል፣ እንጨትህንም ያበላሻል። በጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኛቸውን ትንንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አትጣላቸው፤ በየሣጥኑ ሁለት ሁለት ክተት፣ በየጊዜውም በአዲስ ቀይራቸው። ሣጥኑን በቀጥታ ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድረው፤ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይሁን። ካርቶን ውስጥም አትክተት፤ ካርቶን ውሃ ይጠጣል።

ለትንንሾቹ ጓዞች አንድ ክፍል ለይ። የድሪሉ ቁልፍ፣ የግራይንደሩ ዲስክ መፍቻና የመለዋወጫ ካርቦን (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ትንሽ ቁራጭ) እዚያ ይግቡ። ካርቦን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይቀመጥ፤ የሚቀየረውም ሁለቱ አብረው ነው።

በመጨረሻ ሥራ ቦታውን ከመልቀቅህ በፊት አምስት ደቂቃ ለሣጥንህ ስጥ። ክፈተው፣ ባዶ ቀዳዳ ፈልግ፤ ካለ መስኮት ደፉን፣ የመሰላሉን ደረጃና ኪስህን ተመልከት። የደነዘዙትን ፑንታዎች ሁሉ የምታጠራቅምበት አንድ ትንሽ ቆርቆሮም ይኑርህ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ትሞርዳቸዋለህ። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ የብረት ፑንታውን ወርክሾፕህ ባለው ተራ የመሞረጃ ድንጋይ መሞረድ ትችላለህ፤ የካርባይዱን ጫፍ ግን ያ ድንጋይ አይቆርጠውም፣ አረንጓዴው ድንጋይ ወይም የአልማዝ ዲስክ ይፈልጋል።

የዛጉትን ልጣላቸው ወይ ብለሃል። አትጣላቸው፤ ለይተህ አክማቸው። ሙሉ በሙሉ ብረት የሆኑትን ፑንታዎች አንድ ሌሊት በነጭ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድራቸው፤ ከሌሊት በላይ አታቆያቸው፣ ብረቱንም መብላት ይጀምራል። ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ፈትገህ በውሃ እጠባቸው፤ ወዲያው በጨርቅ አድርቃቸው፤ ፀሐይ ላይ ሰዓት ያህል አቆይተህ ዘይት አስነካቸው። መጠምዘዣው ላይ በጥልቀት የተቦረቦረውንና የተጣመመውን ብቻ ጣል። ካርባይድ ጫፍ ያላቸውን ግን ኮምጣጤ ውስጥ አትንከራቸው፤ አሲዱ ካርባይዱን አያይዞ የያዘውን ኮባልት ይጎዳዋል። እነሱን በደረቁ በሽቦ ብሩሽ አጽዳቸውና ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርገህ ወደየመደዳቸው መልሳቸው።